ስለ ደጋው ቀይ ቀበሮና ስለ እረኛው ውሻ፤ ለወሎ ደጋ ወረዳዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜንና ለደቡብ ወሎ ደጋ ወረዳዎች የእንስሳት ሀብት፣ የጤና፣ የአካባቢ ጥበቃና የቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ኃላፊዎች፤ እንዲሁም በአቡነ ዮሴፍ፣ በአቦይ ጋራ፣ በደላንታ፣ በአምባ ፈሪትና በቦረና ሳይንት ከጓሳው ሥር ለምትኖሩ ወገኖቼ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ወገኖች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ላስታ ተወልጄ ያደግሁ፣ በሙያዬ የባዮሎጂ መምህር የሆንሁ፣ ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ተማሪዎቼንና ተራራ መውጣት የሚወዱ እንግዶችን እየመራሁ ወደ አቡነ ዮሴፍ የምወጣ ሰው ነኝ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በደጋው ጫፍ የሚኖሩ የቤትና የእረኛ ውሾች ሁሉ፣ ክረምት ሳይገባና ከብቱ ወደ ጓሳው፣ ማለትም ወደ ተራራው አናት የሣር ሜዳ፣ ሳይወጣ፣ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት እንዲያገኙ ነው። ስለ ደናችን፣ ስለ ሣራችንና ስለ ዱር እንስሳቶቻችን ሊባል የሚገባው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ይህኛው ሥራ ከሌሎቹ ሁሉ በአነስተኛ ገንዘብ ሊከናወን የሚችል፣ ቢዘገይ ግን ፈጽሞ የማይመለስ ጥፋት የሚያስከትል ስለሆነ ለብቻው ላነሣው ወደድሁ።

ባለፈው ጥር ወር፣ ውርጩ ጓሳውን ነጭ አልብሶት ባደረበት አንድ ማለዳ፣ ከተማሪዎቼ ጋር ከአንድ ቋጥኝ ሥር ተጠግተን ፀሐይ እስክትሞቅ እንጠብቅ ነበር። ከፊታችን ባለው ሜዳ ላይ የጭላዳ መንጋ ከገደሉ ወጥቶ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል፤ ከመንጋው መካከል አንድ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ፣ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ፣ እግሩን አንድ በአንድ እያነሣ የአይጥ ጉድጓድ ያደባል። ጭላዳዎቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። አንዲት ተማሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መምህር፣ ለምን አይሸሹትም?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ልጆቻቸውን እንደማይነካባቸው ስለለመዱት መሆኑን ነገርኋት። በመንዝ ጓሳ በተደረገ ጥናት ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ገደማ ሲሳካለት፣ ለብቻው ሲሆን ግን የሚሳካለት ከአራቱ አንዱ ብቻ እንደሆነ ተመዝግቧል።

ብዙም ሳይቆይ ከታች በኩል የበግ ድምፅ ተሰማ፤ ገሳ የለበሰ ልጅ በጎቹን እየነዳ፣ ሁለት ውሾች አስከትሎ ወጣ። ጭላዳዎቹ ውሾቹን እንዳዩ እየጮኹ ወደ ገደሉ ተወረወሩ፤ ቀበሮውም ጥቂት ቆሞ ካየ በኋላ ጅብራ የተባለው ረጅም የደጋ ተክል ግንድ ሥር ሽንቱን ረጭቶ በሸንተረሩ ላይ ተሰወረ። ከሁለቱ ውሾች ታላቁ ቀጥ ብሎ ወደዚያው ጅብራ ሄደ፤ አፍንጫውን ከግንዱ ላይ አሳርፎ ለረጅም ጊዜ ካሸተተ በኋላ፣ እርሱም በተራው እግሩን አነሣ። ተማሪዎቼ ሳቁ። እኔ ግን ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆነውን ነገር ያየሁት በዚያች ቅጽበት ነው፤ የመንደራችን ውሻና በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ከሆኑት አዳኝ እንስሳት አንዱ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ግንድ ሥር፣ አፍንጫ ላፍንጫ ሊገናኙ የቀራቸው የጥቂት ደቂቃ ልዩነት ብቻ ነበር።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር የለም። በአገራችንም ቢሆን የሚኖረው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባለው ደጋ ሲሆን፣ ዛሬ በሕይወት ያሉት በሙሉ ቢቆጠሩ ከ500 እንደሚያንሱ ይገመታል። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይገኛሉ፤ የቀሩት በአርሲ፣ በስሜን፣ በመንዝና በእኛው በወሎ ደጋዎች እንደ ደሴት ተነጣጥለው ይኖራሉ። ምግቡ ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው፤ በግ በላ እየተባለ የሚወራበት ብዙውን ጊዜ የተራው ቀበሮና የጅብ ሥራ ነው። ለማደን ብቻውን ይውጣ እንጂ አኗኗሩ በቤተሰብ ነው፤ ከቤተሰቡ የምትወልደው በአመዛኙ አንዲት ሴት ስትሆን፣ የምትወልደውም በዓመት አንድ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ወቅት ነው፤ የቀሩት ሁሉ ግልገሎቹን በመጠበቅና በማብላት ያግዟታል። ማለዳና ምሽት ላይ ተሰባስበው እርስ በርሳቸው እየተላላሱና አፍንጫ ለአፍንጫ እየተነካኩ ሰላምታ ሲለዋወጡ ያየ ሰው፣ በአንዱ ላይ የገባ በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለቤተሰቡ ሁሉ እንዴት እንደሚዳረስ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ይህ ደግሞ በባሌ በተደጋጋሚ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ ቀጥሎም በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ተሻግሮ ፈጅቷቸዋል፤ በ2003 በተከሰተው ወረርሽኝ በሽታው በገባባቸው ቤተሰቦች ከአራት ቀበሮዎች ሦስቱ ያህል አልቀዋል። በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታ ገብቶ ጉዳት አድርሷል። ባሌ ሰፊ ስለሆነ፣ የቀበሮዎቹም ቁጥር የተሻለ ስለነበረ፣ በየጊዜው የተረፉት ተዋልደው ክፍተቱን ሊሞሉ ችለዋል። የእኛ ደጋ ግን ባሌ አይደለም። በሰሜን ወሎም ሆነ በደቡብ ወሎ የቀሩት ቀበሮዎች በጥቂት አሥሮች የሚቆጠሩ ናቸው፤ በአንዱ ተራራ ያሉት ቢያልቁ፣ በመካከሉ ያለው ቆላና እርሻ ስለሚያግዳቸው ከሌላው ተራራ መጥቶ የሚተካቸው የለም። በጎጃም ጮቄ እና በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ በአንድ ወቅት ቀይ ቀበሮዎች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ጨርሰው ጠፍተዋል። የእነዚህን ሁለት ተራሮች ስም ለተማሪዎቼ በነገርሁ ቁጥር ቀጥሎ የሚጠራው የየትኛው ተራራ ስም ይሆን የሚለው ሐሳብ ያስጨንቀኛል።

አሁን ደግሞ ስለ ሰዉ ልናገር፤ ምክንያቱም ይህ ጥያቄ የቀበሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጤና ጽሕፈት ቤቶችን በደብዳቤዬ ባልጠቀስሁ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ የአንዱ ታናሽ ወንድም በግ ጥበቃ ላይ ሳለ በገዛ ቤተሰቡ ውሻ እጁን ተነከሰ። ውሻው አንበሶ ይባል ነበር፤ ልጁን ከዳዴው ጀምሮ ያሳደገ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ መነከሱን እንደ ጨዋታ ቆጥረውት ቁስሉን በአመድ አሰሩለት። በማግስቱ ውሻው ለሃጩን ማዝረብረብና ያገኘውን ሁሉ መንከስ ሲጀምር ነው ነገሩ የገባቸው። አባትየው ልጁን አዝለው በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ በዚያ ቀን ግን ክትባቱ አልነበረም። ከዚያ ወደ አንድ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ከተማ ተልከው፣ ሁለት በግ ሸጠው፣ የመጀመሪያውን መርፌ ያገኙት በአራተኛው ቀን ነው። ልጁ በፈጣሪ ቸርነት ተርፎ ዛሬ ስድስተኛ ክፍል ይማራል። ያ ውሻ ግን ልጁን ከመንከሱ በፊት በነበሩት ቀናት ከበጎቹ ጋር ጓሳው ላይ ይውል ነበር፤ የሚውልበትም ቦታ እኔና ተማሪዎቼ ቀበሮዎችን የምናይበት ያው ቋጥኝ አካባቢ ነው። በዚያ ዓመት ከዚያ ቋጥኝ ሥር ሦስት ጊዜ ወጥቼ አንድም ቀበሮ አላየሁም።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ያዳነም ሆነ የዳነ ከቁጥር አይገባም። በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ጉዳት 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ሲሆን፣ ተጎጂዎቹም በብዛት ልጆች ናቸው፤ እረኝነቱ የልጆች በሆነበት በእኛ ደጋ ደግሞ ይህ ምንም ማብራሪያ አያሻውም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ክትባቱን መጀመር አለበት። ወደ ጠበልም ሆነ ወደ ባህል ሐኪም የሚሄድ ቢኖር እኔ አልከለክለውም፤ ክትባቱ ግን ይቅደም። ለአንድ የተነከሰ ልጅ ሙሉ ክትባትና ለመመላለሻ የሚወጣው ወጪ የብዙ ውሾችን ክትባት ይሸፍናል፤ አባቶቻችን ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያም ከሌሎች አገሮች ጋር በውሻ ምክንያት በሰው ላይ የሚደርሰውን የእብድ ውሻ ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ለተያዘው ዓለም አቀፍ ግብ ድጋፏን ሰጥታለች፤ ጊዜው ቀርቧል።

ውሻውን በመወንጀል ግን አልስማማም። ሌሊት ጅብ ጉረኖውን ሲዞር የሚነቃው ውሻው ነው፤ እረኛው ልጅ በጭጋግ ሲጠፋ ወደ ቤት የሚመልሰውም እርሱ ነው። አንዳንድ ጊዜ በመርዝ ይወገዱ የሚል ሐሳብ ሲነሣ እሰማለሁ፤ ይህ በሁለት ምክንያት ስሕተት ነው። የመጀመሪያው፣ የተመረዘ ሥጋ የውሻን ሆድ ብቻ ለይቶ ስለማያውቅ ጆፌውን፣ ቁራውንና ራሱን ቀይ ቀበሮውን ጨምሮ ይገድላል። ሁለተኛው፣ በተገደሉት ምትክ ከየመንደሩ ያልተከተቡ ቡችላዎች ስለሚተኩ በሽታው እንዳለ ይቀጥላል፤ በብዙ አገሮች የተገኘው ልምድ በሽታው የሚቆመው ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት ሲከተቡ እንጂ ሲገደሉ አለመሆኑን አረጋግጧል።

ታዲያ እስካሁን ለምን አልሆነም? ቦታው ላይ እንደሚኖር ሰው የታዘብሁት፣ ዘመቻ በሚደረግበት ጊዜ እንኳ ክትባቱ የሚሰጠው መኪና በሚደርስበት የቀበሌ ማእከል ወይም በገበያ ቀን ከገበያ ዳር መሆኑን ነው። በግ ጠባቂ ውሻ ግን ገበያ አይወጣም። ከጓሳው ሥር ካለ ጎጥ እስከ ቀበሌው ማእከል የሦስትና የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ ውሻውም በገመድ ታስሮ የማያውቅ ስለሆነ ያን ያህል መንገድ ልጎትተው የሚል ሰው የለም። እናቶች «ለሰው ያጣነውን መርፌ ለውሻ?» ሲሉ እሰማለሁ፤ መልሱን ተቀምጦ የሚነግራቸው ግን የለም። ክትባቱ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ስለሚበላሽ፣ ባለሙያው በረዶ የያዘ ሣጥን ተሸክሞ ተራራ መውጣት ይኖርበታል። በተጨማሪም ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአካባቢያችን የደረሰው ጦርነት ብዙ ነገር አናግቷል፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎቻችን በዚህ ሁሉ ውስጥ ሆነው መሥራታቸውን ስለማውቅ ደብዳቤዬ እነርሱን ለመውቀስ አይደለም። የምለው መንገዱ ይቀየር ነው፤ ውሻው ወደ መርፌው ከሚመጣ መርፌው ወደ ውሻው ይሂድ።

ጊዜውን በሚመለከት፣ ከሁሉ የሚሻለው ከጥር እስከ ግንቦት ያለው ወቅት ይመስለኛል፤ የመኸሩ አዝመራ ገብቶ ከብቱም ውሻውም አብዛኛውን ጊዜ ከመንደር የማይርቅበት፣ መንገዱም ያልጨቀየበት ነው። ከሰኔ ጀምሮ ማሳው በዘር ስለሚያዝ ከብቱ ወደ ላይ ይነዳል፤ ያን ጊዜ ውሻውና ቀበሮው አንድ ሜዳ ላይ ይውላሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ዘመቻ ዘግይቷል። አሠራሩን በሚመለከት ደግሞ እያንዳንዱ ጎጥ ቅሬ አለው፤ ሰዉን በአንድ ጥሩምባ ለቀብር የሚሰበስብ ቅሬ፣ ውሾቹን በአንድ ጠዋት ማሰባሰብ አያቅተውም። ቀኑ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ በመስጊድ ቅጽር ይነገር፤ በደቡብ ወሎ በኩል አስታራቂ ሽማግሌዎቹ አበጋሮች ቃላቸውን ቢጨምሩበት ደግሞ የሚቀር ሰው አይኖርም። ውሻውን ማንም ባዕድ ሰው ሊይዘው አይችልም፤ የሚይዘው እረኛው ልጅ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ውሻ አያያዝ አስቀድመው ይማሩ፤ ሙያውን ከማንም በላይ ያውቁታልና የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ምክርና ጥቂት ምስጋና ብቻ ነው። የተከተበው ውሻ በቀለም ምልክት ቢደረግበት ካልተከተበው በሩቁ ይለያል።

የሞተ ቀበሮ ያገኘ ሰውም በባዶ እጁ ሳይነካ በዚያው ቀን እንዲያሳውቅ፣ ጽሕፈት ቤቱም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚልክበት መንገድ እንዲኖረው እለምናለሁ። በባሌ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2018 ጀምሮ በሥጋ ውስጥ የተቀበረ፣ በአፍ የሚወሰድ ክትባት ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጀምሯል። ይህ ወደ እኛም እንዲደርስ እመኛለሁ፤ ነገር ግን ውሾቹ ሳይከተቡ ቀበሮውን ብቻ መከተብ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ጎድጓዳ ሣህን እንደማስቀመጥ ነው።

ለእናንተ፣ ከደሴ፣ ከወልድያ፣ ከላሊበላና ከሩቅም እየመጣችሁ ተራራችንን ለምትወጡ ወጣቶችና እንግዶች፣ ሁለት ቃል አለኝ። መምጣታችሁ መልካም ነው፤ በሰሜን ወሎ መቄት ገበሬዎቹ ራሳቸው የእንግዳ ማረፊያ ሠርተው እግረኛ ተጓዦችን ሲያስተናግዱ ያየ ሰው፣ የተራራ ጉዞ ለደጋው ገበሬ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቃል። ነገር ግን ባደራችሁበት ቦታ የጣላችሁት አጥንትና ትርፍራፊ ከታች ያሉትን ውሾች እየጠራ ወደ ቀበሮው ሜዳ ያወጣቸዋል። አጥንታችሁን በፌስታል አስራችሁ ይዛችሁ ውረዱ፤ የራሳችሁንም ውሻ ይዛችሁ አትውጡ። አስጎብኚዎች ሆይ፣ ይህን ማስገንዘብ ከእኛ ሥራ አንዱ ነው፤ ፎቶ ለማንሣት ብለን ግልገል ያለበትን ጉድጓድ አለመቅረብም እንዲሁ። የቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ከመግቢያ ክፍያው ጥቂቱን ለዚሁ የክትባት ሥራ ለይታችሁ ብታስቀምጡ፣ ገበሬው በቀበሮው ምክንያት ልጁ ከበሽታ እንደተጠበቀለት በዓይኑ ያያል። ከዚያ በኋላ ቀበሮውን ጠብቅ ብሎ የሚያስተምረው አያስፈልገውም።

የገብስ እርሻው ወደ ላይ እየወጣ ጓሳውን መግፋቱና አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ ለማገዶ ማለቁ ለቀበሮው ከበሽታ የማይተናነስ አደጋ እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም መሬት የሌለውን ወጣት አትረስ ለማለት የሚተዳደርበትን ሌላ ነገር ማሳየት ይገባልና ያ ረጅም ምክክር የሚጠይቅ ነው። ክትባቱ ግን ያን ሁሉ መጠበቅ አይኖርበትም። ችግረኛ ወገን ባለበት አገር ስለ ቀበሮ መጻፍ ምን ይሉታል የሚል ካለም፣ ከላይ የጠቀስሁትን አባት ያስብ፤ ሁለት በግ ሸጠው አራት ቀን የተንከራተቱት ችግረኛ እርሳቸው ናቸው፤ አንበሶ ቢከተብ ኖሮ በጎቹም፣ ቀኖቹም፣ ውሻውም ባልጠፉባቸው ነበር።

እኔና ተማሪዎቼ ከባለፈው የካቲት ጀምሮ በትምህርት ቤታችን ዙሪያ ባሉ ጎጦች ቤት ለቤት እየዞርን ውሾችን በደብተር መዝግበናል። በአንዱ ረድፍ የባለቤቱ ጎጥና ቅሬ፣ በሌላው የውሻው ስምና ዕድሜ፣ በሦስተኛው ክረምቱን ወደ ጓሳው ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለው፣ በመጨረሻው ደግሞ የተከተበበት ቀን ተጽፏል፤ ማለትም የመጨረሻው ረድፍ ርእሱ ብቻ ተጽፎ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። ደብተሩ በርእሰ መምህራችን ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ከእናንተ ጽሕፈት ቤቶች ቀድሞ ለሚመጣው ባለሙያ እናስረክባለን፤ የበረዶ ሣጥኑን ተሸክመው መንገድ የሚመሩ ልጆችም አሉን፤ ማደሪያና ቁርስም ከእኛ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላስታ መምህር